የተንቀሳቃሽ ስልክ መረብና የኃይል ቁጠባው ታሪክ፤ ሸክሙ በማን ላይ እንደ ነበረ

የመብራት መስመር ባልደረሰበት የገጠር ከተማ ያደረ ሰው የሚያውቀው አንድ ድምፅ አለ። ወፍጮ ቤቱም ጠጅ ቤቱም ከተዘጋ በኋላ ከስልኩ ማማ ሥር ያለው ጄኔሬተር ብቻውን ሲያጓራ ያድራል። በዚያ ሰዓት የሚደውል ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ጄኔሬተሩ ግን ናፍጣውን ይጠጣል። እኛም ይህን ጥናት ለመጻፍ የተነሣነው ከዚህ ነው። የሚናገር ሰው በሌለበት ሰዓት ማማው ምን ይሠራል? በኪሳችን ያለው ስልክ መተኛት ካወቀ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲሆነው፣ ማማው ስለ ምን ሳይተኛ ኖረ?

ነገሩ በመጀመሪያ ሲታይ የመሐንዲስ ጥያቄ እንጂ የታሪክ ጥያቄ አይመስልም። ዳሩ ግን መልሱን በማሽኑ ውስጥ ብቻ ብንፈልገው አናገኘውም። ማማው የማይተኛው መተኛት ስለማይቻል አልነበረም፤ ሕጉ ሲጻፍ ነቅቶ እንዲያድር ስለ ተጻፈበት ነው። ሕጉም እንዲህ የተጻፈው የኃይሉን ሸክም የሚሸከመው ማን እንደ ሆነ በተሰላበት መንገድ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሰኔ 1946 በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ ለሕዝብ የሚያገለግል የመኪና ስልክ ሥራ ጀመረ። መሣሪያው ክብደቱ ወደ 36 ኪሎ የሚጠጋ ስለ ነበረ በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ይቀመጥ ነበር እንጂ ሰው የሚይዘው አልነበረም። በከተማው መካከል ከፍ ብሎ የተተከለ አንድ ብርቱ ማሰራጫ ከተማውን ሁሉ ይሸፍናል፤ በመላው ከተማ በአንድ ጊዜ ሊናገሩ የሚችሉት ግን ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከመኪናው የሚነሣው ሞገድ የማሰራጫውን ያህል ጉልበት ስላልነበረው፣ ደካማውን ድምፅ የሚሰበስቡ ተቀባዮች በየሰፈሩ ተተከሉ። እንግዲህ ከመጀመሪያው ዕለት አንሥቶ ሚዛኑ እኩል እንዳልነበረ እናያለን። ጣቢያው ከከተማው መስመር ኃይሉን እንዳሻው ይወስዳል፤ ተናጋሪው ግን ባለችው ባትሪ መጠን ይናገራል።

በስዊድንም በ1956 የተጀመረው አውቶማቲክ የመኪና ስልክ 40 ኪሎ ይመዝን ነበር። ስለ እርሱ የሚነገር ቀልድ አለ፤ በአንድ ባትሪ ሁለት ጊዜ መደወል ይቻላል፣ አንደኛው ለፈለጉት ሰው፣ ሁለተኛው መኪናውን ለሚጎትተው ጋራዥ ነው ይባል ነበር። ቀልድ ቢሆንም በዚያ ዘመን ስለ ኃይል ይጨነቅ የነበረው ማን እንደ ነበረ ይነግረናል።

ከዚህ ችግር የሚያወጣው ዐሳብ በወረቀት ላይ የሰፈረው ቀደም ብሎ ነበር። በታኅሣሥ 1947 በቤል ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ዳግላስ ሪንግ፣ ሀገሩ እንደ ማር እንጀራ በባለ ስድስት ማእዘን ክፍሎች እንዲከፋፈልና ለየክፍሉ ትንሽ ጣቢያ እንዲቆም ዐሳብ አቀረበ። ዓላማው ኃይል መቆጠብ አልነበረም፤ ጥቂት የሆነውን የሞገድ መስመር ራቅ ባለው ክፍል ውስጥ ደግሞ ደጋግሞ ለመጠቀም ነበር። ነገር ግን የኃይሉ ትርፍ ሳይጠሩት መጣ። በገላጣ ሜዳ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን እኩል ድምፅ ለማድረስ አራት እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል፤ ሕንጻ በበዛበት ከተማ ደግሞ አሥራ ስድስት እጥፍ እስከ መሆን ይደርሳል። ስለዚህ ጣቢያውን ግማሽ መንገድ ማቅረብ ማለት የስልኩን ሸክም ከአሥር እጅ በላይ ማቅለል ማለት ሊሆን ይችላል። የእጅ ስልክ የተባለው ነገር ሊኖር የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

በሚያዝያ 1973 የሞቶሮላው ማርቲን ኩፐር በኒው ዮርክ መንገድ ላይ ቆሞ በእጁ በያዘው ስልክ ለተቀናቃኙ ለቤል ቤተ ሙከራ ሰው ደወለ። ያ መሣሪያ ከአንድ ኪሎ ይበልጥ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ በ1983 ለገበያ የቀረበው ዳይናታክ ዋጋው 3,995 ዶላር ሲሆን፣ ለግማሽ ሰዓት ንግግር አሥር ሰዓት ያህል ባትሪ መሙላት ይጠይቅ ነበር። አሥር ሰዓት አርሶ ግማሽ ሰዓት እንደ መብላት ያለ ነገር ነው። ሰው ግን ገዛው፤ ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት የመሐንዲሱ ጭንቀት ሁሉ ይህን ግማሽ ሰዓት ማርዘም ሆነ።

በ1982 የአውሮፓ የፖስታና የቴሌ መሥሪያ ቤቶች ለመላው አውሮፓ አንድ ዐይነት የስልክ ሕግ የሚያዘጋጅ ጉባኤ አቋቋሙ። ጂ.ኤስ.ኤም. የተባለው ሕግ የመጣው ከዚህ ጉባኤ ሲሆን፣ በሐምሌ 1991 በፊንላንድ የመጀመሪያው ንግግር ተደረገበት። ወደ አዲስ አበባም በ1999 የገባው ተንቀሳቃሽ ስልክ በዚሁ ሕግ የሚሠራ ነበር። ስለ ኃይል ቁጠባ ታሪክ ለሚመረምር ሰው ይህ ሕግ እንደ መዝገብ ነው፤ እኛም ጥቂት ልንቆይበት ወደድን።

አንደኛ፣ ስምንት ተናጋሪዎች በአንድ ሞገድ በተራ ይናገራሉ። እያንዳንዱ ስልክ በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል ለአፍታ ብልጭ ብሎ ይናገርና ሰባቱ ሌሎች ተራቸውን እስኪጨርሱ ዝም ይላል። ስለዚህ ስልኩ ሲናገር እስከ 2 ዋት ቢያወጣም በአማካይ የሚያወጣው ከሩብ ዋት አይበልጥም። (አንባቢው ይህን ብልጭታ በጆሮው ሳይሰማው አልቀረም። በታክሲ ውስጥ ስልክ ሊጠራ ሲል የሬድዮው ድምፅ ማጉያ ድንገት የሚያሰማው ጥርርር የሚል ድምፅ ይኸው ነው።) ሁለተኛ፣ ጣቢያው የስልኩን ድምፅ እየለካ «ቀንስ» ወይም «ጨምር» ብሎ ያዘዋል፤ ቅርብ የቆመ ስልክ እስከ ጥቂት ሺኛ ዋት ድረስ ይወርዳል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ነው። ሰው ሲነጋገር አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ በቃልና በቃል መካከልም ያርፋል። ስለዚህ ከንግግሩ ጊዜ ግማሹን እንኳ አይናገርም። ሕጉ ስልኩ ይህን ዝምታ አውቆ ማሰራጨቱን እንዲያቆም ፈቀደለት። ነገር ግን መስመሩ ጭልጥ ብሎ ዝም ሲል አዳማጩ ስልኩ የተቋረጠ ይመስለውና «ሃሎ! ሃሎ!» ማለት ይጀምራል። ስለዚህ በአዳማጩ ስልክ ውስጥ ትንሽ የሐሰት ሹክሹክታ እንዲፈጠርለት ተደረገ። እስከ ዛሬ ድረስ ሌላው ዝም ሲል የምንሰማው ያ የመስመር እሽታ ብዙ ጊዜ ከሩቅ የመጣ ሳይሆን እዚያው ጆሮአችን ሥር የተሠራ ነው። ለባትሪ ሲባል ዝምታን እንኳ በብልኃት እስከ መሥራት ተደርሷል።

አራተኛው እንቅልፍ ነው። የማይናገር ስልክ ዘወትር ጆሮውን ቀና አድርጎ መጠበቅ አያስፈልገውም። ጣቢያው ስልኮቹን በቡድን ከፍሎ ለየቡድኑ የጥሪ ተራ ይሰጣል፤ ስልኩም ተራው እስኪደርስ፣ ከግማሽ ሰከንድ እስከ ሁለት ሰከንድ ያህል፣ አብዛኛውን ክፍሉን አጥፍቶ ይተኛል። ተራው ሲደርስ ነቅቶ «ተጠርቻለሁን?» ይላል፤ ካልተጠራ መልሶ ይተኛል። ባትሪውም በዚያው ዘመን ተሻሽሏል፤ ሶኒ በ1991 የሊትየም ባትሪ ለገበያ አቀረበ። ሆኖም ግማሹን ሰዓት ወደ ብዙ ቀን ያደረሰው ባትሪው ብቻ ሳይሆን ይህ እንቅልፍ ነው ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ ማማው እንመለስ። በዚሁ ሕግ፣ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ፣ ጣቢያው ከሞገዶቹ አንዱን ያለ ማቋረጥ፣ ኃይሉንም ሳይቀንስ፣ ሌትና ቀን እንዲያሰራጭ ታዘዘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስልኩ ከእንቅልፉ በነቃ ጊዜ የትኛው ጣቢያ እንደሚቀርበው በፍጥነት መለካት አለበት፤ ጣቢያው አንዴ ቢጮኽ አንዴ ዝም ቢል ስልኩ ነቅቶ ሊጠብቅ ነውና ባትሪው ይጎዳል። በሌላ አነጋገር ስልኩ እንዲተኛ ማማው ነቅቶ እንዲያድር ተፈረደበት። የዚያን ጊዜ ሰዎች ይህን ሲወስኑ ተሳስተዋል ለማለት አንደፍርም። በአውሮፓ ከተማ ለቆመ ጣቢያ መብራት በደጁ ያልፋል፣ ዋጋውም ከጠቅላላው ወጪ ጋር ሲተያይ ብዙ የሚቆጠር አልነበረም። ሸክሙ ያለበት ቦታ የተናጋሪው ኪስ ነበር፤ ሸክሙንም ከዚያ አነሡለት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ለእውነት አንታመንም። በኃይል ቁጠባ ታሪክ ከሚመሰገኑት ነገሮች አንዳንዶቹ ለቁጠባ ተብለው የመጡ አይደሉም። በ1990ዎቹ በአሜሪካ በተስፋፋው ሲ.ዲ.ኤም.ኤ. በሚባለው ሥርዐት ተናጋሪዎች ሁሉ በአንድ ሞገድ በአንድ ጊዜ ይናገራሉ፤ ስለዚህ ለጣቢያው የቀረበው ስልክ ጮኾ የራቀውን ድምፅ እንዳይውጠው፣ ጣቢያው በሰከንድ 800 ጊዜ የእያንዳንዱን ኃይል ያስተካክላል። በኋላ በመጣው የሦስተኛው ትውልድ ስልክ ይህ ትእዛዝ በሰከንድ 1500 ጊዜ ሆነ። የተፈለገው ጩኸቱን ማስማማት ነበር፤ የባትሪው ማረፍ ተከትሎ የመጣ በረከት ነው። ዐሳባችንን ግን አያፈርሰውም። በረከቱም ቢሆን የወረደው በስልኩ በኩል ነውና።

ከሁሉ ይልቅ ነገሩን የሚገልጠው የአራተኛው ትውልድ ሕግ ነው። ይህ ኤል.ቲ.ኢ. የተባለው ሥርዐት በታኅሣሥ 2009 በስቶክሆልምና በኦስሎ ለሕዝብ ተከፈተ። ብዙ መረጃ ለማስተላለፍ የሚስማማው የሞገድ ዐይነት ከፍታው እየዘለለና እየወረደ የሚሄድ ነው። እንዲህ ላለው ሞገድ የሚሠራ ማጉያ አልፎ አልፎ ለሚመጣው ከፍተኛ ዝላይ ተብሎ ጉልበቱ ዘወትር ተዘጋጅቶ መቆየት አለበት፤ ለአንድ ቀን ድግስ ሲባል ዓመቱን ሙሉ አሥር ወጥ ቤት ቀጥሮ እንደ መቀለብ ነው። ከሚገባው ኃይል የሚበልጠውም ክፍል ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሕግ አውጪዎቹ ይህን አውቀው ነበር። ስለዚህ ከስልኩ ወደ ጣቢያው ለሚሄደው መንገድ ዝላዩ የቀነሰ ሌላ ዐይነት ሞገድ መረጡ፤ ከጣቢያው ወደ ስልኩ ለሚመጣው ግን ዘላዩን ሞገድ እንዳለ ተዉት። በዚህም ላይ ጣቢያው ማንም ቢኖር ባይኖር በየአንድ ሺኛው ሰከንድ የመለያ ምልክቱን እንዲያሰማ ታዘዘ። አንዱ እጅ የስልኩን ማጉያ ሲጠብቅ ሌላው እጅ የጣቢያውን ለሙቀት ለቀቀው።

ለጣቢያው የሚሆን መድኃኒት ግን ጠፍቶ አልነበረም። ከፍታው የሚለዋወጥ ሞገድን በሁለት ማጉያ ከፍሎ፣ አንዱ ዘወትር እየሠራ ሁለተኛው በዝላዩ ጊዜ ብቻ እንዲነቃ የሚያደርገውን ዘዴ በ1936 የፈለሰፈው በቤል ቤተ ሙከራ የነበረው ዊልያም ዶኸርቲ ነው። በ1938 በአሜሪካ በሉዊቪል ከተማ ባለ 50 ኪሎ ዋት የሬድዮ ማሰራጫ ሥራ ላይ አውሎታል፤ ለእንዲህ ያለ ትልቅ ማሰራጫ የመብራት ሒሳብ ቀላል ስላልነበረ ነው። ዘዴው በስልክ ማማዎች ላይ በሰፊው የገባው ግን ከ2000 በኋላ፣ ማለት ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እርግጥ ነው፣ የስልኩ ሞገድ የሚጠይቀውን ጥራት ለማሟላት የማጉያውን ጥመት አስቀድሞ የሚያቃና የሒሳብ መሣሪያ መጠበቅ ነበረበት። ነገር ግን መሣሪያው ብቻ ሳይሆን ፈላጊውም ዘግይቶ ነበር።

ፈላጊውን ያመጣው ገጠሩ ነው። በ2000ዎቹ ዓመታት ስልኩ በአፍሪካና በእስያ መብራት ወደሌለበት ሀገር በገባ ጊዜ፣ ማማው በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ስልኩ የራሱን ባትሪ ተሸካሚ ሆነ። ናፍጣው በመኪና፣ መንገድ በሌለበትም በእንስሳ ይጓጓዛል፤ በመንገድ ይሰረቃል፤ ጄኔሬተሩን የሚጠብቅ ዘበኛ፣ የሚጠግን መካኒክ ያስፈልጋል። ከዚህ በኋላ አንድ ዋት ማዳን ማለት በዋጋ የሚታይ ነገር ሆነ። በ2008 የዓለም የስልክ ድርጅቶች ማኅበር መብራት ለሌላቸው ጣቢያዎች የፀሐይና የነፋስ ኃይልን የሚያስፋፋ ፕሮግራም ጀመረ። ብዙ ልማዶችም በዚያው ዘመን ተመረመሩ። ቀድሞ የሬድዮው ዕቃ ከማማው ሥር ባለች ቤት ተዘግቶ፣ ሙቀቱን ኤርኮንዲሽን እየታገለው ይቀመጥ ነበር፤ ድምፁም እስከ አንቴናው በወፍራም ኬብል ሲወጣ ግማሽ የሚያህለው በመንገድ ይቀር ነበር። ማጉያውን ከማማው ራስ ላይ ከአንቴናው አጠገብ መስቀል ኬብሉንም ኤርኮንዲሽኑንም በአንድ ጊዜ አቃለለ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ የተደረገው ግን ሒሳቡ ሲከብድ ነው።

ከ2010 እስከ 2012 በአውሮፓ ኅብረት ርዳታ የተካሄደው «ኧርዝ» የተባለ ጥናት ማማው ኃይሉን በምን ላይ እንደሚያጠፋ ከፍሎ ለካ። ባገኘው መጠን መሠረት በዚያ ዘመን አንድ የትልቅ ጣቢያ የሬድዮ ክፍል 20 ዋት ሲያሰራጭ 224 ዋት ያህል ይበላል። ምንም ሳያሰራጭ ደግሞ 130 ዋት ይበላል። ቢተኛስ? 75 ዋት ይበቃው ነበር። እኛም በእነዚህ ቁጥሮች አንዲት የገጠር ጣቢያ ወስደን በወረቀት ላይ አሰላን። ጣቢያዋ ባለ ሦስት አቅጣጫ፣ በየአቅጣጫውም ባለ ሁለት የሬድዮ ክፍል ብትሆን ስድስት ክፍል አላት ማለት ነው። ማንም ሳይናገርባት ብትውልና ብታድር 780 ዋት ዘወትር ትወስዳለች፤ በቀን 18.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። አንድ ሊትር ናፍጣ በጄኔሬተር ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል ብንል፣ በቀን ከ5 እስከ 6 ሊትር ናፍጣ የሚቃጠለው ለዝምታ ነው። ከሌሊቱ 4 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ብቻ ብትተኛ 2.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ይተርፋል። ትንሽ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ዳሩ ግን በፀሐይ ለምትሠራ ጣቢያ የሌሊቱን ፍጆታ የሚሸከመው ባትሪው ነው፤ ባትሪውም ከዕቃዋ ሁሉ ውድ ከሆኑት አንዱ ነው።

ይህ ልኬት ከንቱ አልቀረም። በ2018 በተጠናቀቀው የአምስተኛው ትውልድ ሕግ በየአንድ ሺኛው ሰከንድ ይደረግ የነበረው ጩኸት ቀረ፤ በእርሱ ፈንታ ጣቢያው ራሱን የሚያስታውቀው እንደ ልማዱ በየ20 ሺኛው ሰከንድ ሆነ፤ እስከ 160 ሺኛ ሰከንድም ማራቅ ተፈቀደ። በመካከሉ ባለው ጊዜ ማጉያው አፍታ ማንቀላፋት ይችላል። ስልኩ በ1991 ያገኘውን መብት ጣቢያው ከ27 ዓመት በኋላ በሕግ አገኘው ማለት ነው። ነገር ግን በአንድ እጅ የተቆጠበው በሌላው ወጣ። አዲሱ ጣቢያ 64 ማሰራጫና ተቀባይ ድረስ በአንድ ሰሌዳ ላይ የሚሸከም ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ መረጃ የሚያጠፋው ኃይል ከቀድሞው በብዙ ቢያንስም፣ በጠቅላላው የሚበላው ከአራተኛው ትውልድ ጣቢያ በለጠ። በቴሌ ሰዎች ዘንድ የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ በአደባባይ ሲነገር፣ ሁለተኛው በሒሳብ ክፍል ሲቀር ማየታችን አልቀረም።

በ2020 በቻይና በሉዮያንግ ከተማ የሚሠራ አንድ የስልክ ድርጅት አዲሶቹን ጣቢያዎች በሌሊት ማስተኛት መጀመሩ ተሰማ። ይህ ሊሆን የቻለው በዚያው ቦታ አራተኛው ትውልድ ነቅቶ ስለሚያድር ነው፤ አንዱ ሲተኛ ጎረቤቱ ይጠብቅለታል። ዓለም አቀፉ የስልክ ሕግ አውጪ ጉባኤም በ2022 የጣቢያን ኃይል ቁጠባ ለብቻው ርእስ አድርጎ አጥንቶ፣ ውጤቱን በ2024 በወጣው ሕግ ውስጥ አስገብቷል።

የገጠሯ ማማ ግን ጎረቤት የላትም። በሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ብትኖር የሚደወለው በእርሷ በኩል ነው፤ እንደ ከተማዋ እኅቷ ተዘግታ ልታድር አትችልም። ለእርሷ የሚሆነው እንቅልፍ በሁለት ምልክት መካከል ያለው አፍታ ብቻ ነው። ያም ቢሆን የሚገኘው አዲሱ ሕግ በተጻፈበት ዕቃ ላይ ሲሆን፣ አዲሱ ዕቃ ደግሞ አስቀድሞ የሚተከለው ኃይል በማያጥርበት ከተማ ነው። በየመንደሩ ብዙ ሰው በእጁ የያዘው የሁለተኛው ትውልድ ስልክ እስካለ ድረስ፣ ያን ስልክ የሚያገለግለው ሞገድ በ1980ዎቹ እንደ ታዘዘው ሌሊቱን ሙሉ ሳያቋርጥ መጮኹን አይተውም።